የትዳር ቪዛ ወጪና የአድራሻ ነገር

(በተማሪዎች ኅብረት የዓርብ ማታ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



የስብሰባው አዘጋጆች «ስለ ምን ትናገራለህ?» ብለው በጠየቁኝ ጊዜ «ስለ አድራሻ» ብዬ ብመልስላቸው ሣቁብኝ። እኔ ግን መቀለዴ አልነበረም። ከእኛ መካከል ባሏ ወይም ሚስቱ በአሜሪካን አገር የምትኖር፤ ወይም እጮኛ ያለችው፤ ወይም እንደ እኔ የእኅቱን ወረቀት ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚመላለስ ሰው ጥቂት እንዳይደለ ዐውቃለሁ። ስለዚህ ዛሬ ማታ ስለ ትልልቁ የዓለም ጉዳይ ሌሎች ይናገሩ፤ እኔ ስለ አንድ ፎርም ልናገር።

የሕግ ተማሪ አይደለሁም። የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነኝ፤ እንግዲህ ከሒሳቡ ብጀምር ቅር አትሰኙብኝም። ዓመቶቹን ብዙውን ጊዜ በአውሮጳ አቈጣጠር የምጠራቸው ወረቀቶቹ በዚያው ስለ ተጻፉ ነው።

አንድ የአሜሪካን ዜጋ ሚስቱን ለመውሰድ ሲፈልግ በመጀመሪያ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ አይ-130 የተባለውን ፎርም ያስገባል። የዚህ ፎርም ክፍያ ለብዙ ዓመታት 535 ዶላር ነበር። ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግን በወረቀት ለሚያስገባ 675፤ በኢንተርኔት ለሚያስገባ 625 ዶላር ሆነ። ይህ ሲፈቀድለት መዝገቡ ወደ ብሔራዊው የቪዛ ማእከል ይተላለፋል፤ በዚያም ለቪዛው ማመልከቻ 325 ዶላር፤ የባልየውን የዋስትና ቃል ለመመርመር ደግሞ 120 ዶላር ይከፈላል። ቪዛው ከተሰጠ በኋላ መኖሪያ ካርዱ ተሠርቶ እንዲላክ በዚያው በ2024 ተመን 235 ዶላር አለ። እነዚህን አራቱን ብትደምሯቸው በወረቀት ላስገባው 1,355፤ በኢንተርኔት ላስገባው 1,305 ዶላር ይሆናል። ተመን የሚለዋወጥ ነገር ስለ ሆነ፤ ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው በሚከፍልበት ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ከራሱ ገጽ ላይ ያረጋግጥ እንጂ ከእኔ ወረቀት ላይ ገልብጦ አይሂድ።

በዚህ ላይ ሦስት ነገር ልጨምር።

አንደኛው፤ የሚከፈለው ለምርመራው ነው እንጂ ለቪዛው አይደለም። ማመልከቻው ቢወድቅ ገንዘቡ አይመለስም። ብዙ ሰው ይህን ሳይረዳ «ገንዘቤን በሉት» ይላል። በሒሳብ መዝገብ ላይ ይህ ገንዘብ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ወጪ ነው፤ ተስፋ ተብሎ የሚመዘገብበት ዐምድ የለንም።

ሁለተኛው፤ ለቪዛ ማእከሉ የሚከፈለው ገንዘብ በአሜሪካን አገር ካለ የባንክ ሒሳብ ላይ የሚወጣ ነው። ሚስትየዋ እዚህ ገንዘቡ በእጇ ቢኖራት እንኳ ራሷ ልትከፍለው አትችልም። እዚህ በብር የምትከፍለው ሌላውን ነው፤ ይኸውም የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ማስተርጐሚያ፤ ከፖሊስ የሚሰጠውን የወንጀል ነጻ ማስረጃ፤ ፎቶግራፉን፤ ኤምባሲው በመደባቸው ሐኪሞች ዘንድ የሚደረገውን ምርመራ፤ ፓስፖርቱንና የአውሮፕላኑን ቲኬት ነው። የመደበኛ ፓስፖርት ዋጋ በ2024 ከ2,000 ብር ወደ 5,000 ብር ከፍ ብሏል። የቲኬቱን ነገር አታንሡት፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ለቲኬት እያለች ታጠራቅም የነበረች ሴት ቍጠባዋ በግማሽ ተቀንሶ አገኘችው ማለት ነው።

ሦስተኛው፤ አንዲት ሴት አሜሪካን አገር በምትገባበት ቀን ጋብቻዋ ሁለት ዓመት ያልሞላው ከሆነ የምትቀበለው ካርድ የሁለት ዓመት ብቻ ነው። ካርዱ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀኖች ውስጥ ባልና ሚስት አብረው አይ-751 የተባለውን ፎርም ማስገባት አለባቸው፤ ይህም በ2024 ተመን 750 ዶላር ነው። ይህን ብዙ ሰው በሒሳቡ ውስጥ አያስገባውም።

አሁን ወደ አድራሻው ልምጣ።

ታላቅ እኅቴ በጥር ወር 2014 ዓ.ም. አገባች። ባሏ ዜግነት ያገኘ ሰው ነው፤ በሜሪላንድ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። በዚያው ዓመት ፎርሙን ሞልቶ 535 ዶላሩን ከፍሎ አስገባ። በ2023 ለሥራው ስለሚቀርበው ወደ ቨርጂኒያ ቤት ለወጠ። ጠንቃቃ ሰው ነውና ፖስታ ቤት ሄዶ አዲሱን አድራሻውን አስመዘገበ። በዚህም ሥራው ያለቀ መሰለው። ለፖስታ ቤት መንገር ግን ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ መንገር አይደለም፤ ሁለቱ አይነጋገሩም። መሥሪያ ቤቱ የጋብቻውን እውነተኛነት የሚያሳይ ተጨማሪ ማስረጃ እንዲቀርብለት ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው የሄደው ወደ ድሮው ቤት ነው። እዚያ የቀሩት ጓደኞቹ ተቀብለው ከገበያ ማስታወቂያዎች ጋር ፍሪጅ ላይ አኖሩት። ሲመጣ እንሰጠዋለን አሉ፤ እሱም አልመጣ፤ እነሱም ረሱት።

ለእንዲህ ያለው ደብዳቤ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ከ12 ሳምንት አይበልጥም። መልስ ካልመጣ አመልካቹ ጉዳዩን እንደ ተወው ተቈጥሮ ማመልከቻው ይዘጋል። በ2024 መጀመሪያ ላይ የእነሱም ተዘጋ። ይህንንም ያወቅነው ወራት ካለፉ በኋላ፤ እኅቴ «ምነው ዝም አሉ፤ እስቲ ቍጥሩን በኢንተርኔት ተመልከተው» ብላ ስትነዘንዘው ነው። በግንቦት እንደገና ሲያስገባ ተመኑ 675 ሆኖ ቆየው። የመጀመሪያው 535 እንደ ወጣ ቀረ። ሁለት ዓመቱም እንዲሁ።

አማቼን ልወቅሰው አልፈልግም። ጥፋቱን ራሱ ነው የነገረን፤ በስልክ ሲናገር ድምፁ እንዴት እንደ ነበረ ሰምቻለሁ። እኛም ብንሆን በሁለት ዓመት ውስጥ «ቤት ስትለውጥ ለማን ለማን ነገርህ?» ብለን አንድ ቀን አልጠየቅነውም። የሠርጉን ወጪ ግን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ተከራክረንበት ነበር። በዚህ መካከል አንድ ትርፍ አግኝተናል። ሠርጋቸው ሁለት ዓመት ስላለፈው እኅቴ ስትገባ የምትቀበለው የዐሥር ዓመት ካርድ ይሆናልና ያ የ750 ዶላሩ ፎርም ቀረላት። ይህን ሒሳብ ሠርቼ ብነግራት አልሣቀችም።

ሕጉ ስለ አድራሻ የሚለው እንደ ሰውየው ይለያያል። ዜጋ ያልሆነ፤ ማለት ግሪን ካርድ የያዘ ሰው፤ ቤት በለወጠ በ10 ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለበት፤ ፎርሙ ኤአር-11 ይባላል፤ ክፍያ የለውም። ይህን አለማድረግ በሕግ የገንዘብ መቀጫና እስከ 30 ቀን እስራት የሚያደርስ ጥፋት ነው። ዜጋ የሆነ ሰው ይህ ግዴታ የለበትም፤ ይሁን እንጂ ያስገባው ማመልከቻ ካለ በዚያ መዝገብ ላይ ያለውን አድራሻ ካላስለወጠ የሚደርስበትን አይታችኋል። መዝገቡ ወደ ቪዛ ማእከሉ ካለፈ ደግሞ ለማእከሉ ለብቻ፤ ወደ ኤምባሲው ካለፈ ለኤምባሲው ለብቻ መንገር ነው። ለአንዱ የነገሩት ለሁሉም ደረሰ ብሎ መተኛት አይገባም። ዛሬ ማእከሉ የሚጽፈው ይበልጡን በኢሜይል ስለ ሆነ ኢሜይልም አድራሻ መሆኑን አትርሱ፤ የይለፍ ቃሉ የጠፋ ኢሜይል እንደ ፈረሰ ቤት ነው። ከማእከሉ «አሁን አመልክቱ» የሚል ማስታወቂያ ደርሷቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ምንም ያላደረጉ ሰዎች መዝገባቸው ሊሰረዝ ይችላል፤ ማስታወቂያው ከተላከ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከዐቅማቸው በላይ በሆነ ምክንያት የዘገዩ መሆናቸውን ካስረዱ ብቻ ሊመለስላቸው ይችላል።

የዋስትናውንም ነገር በአጭሩ ላንሣ። ባልየው ሚስቱን መመገብ እንደሚችል በገቢው ማሳየት አለበት፤ ለሁለት ሰው ቤተሰብ በ2024 የሚፈለገው የዓመት ገቢ በአብዛኛው አገሩ ክፍል 25,550 ዶላር ነበር። ካልሞላለት ሌላ ሰው ተጨማሪ ዋስ ይሆንለታል። ሚስትየዋ ከገባች በኋላ ዋሱ ቤት በለወጠ ቍጥር በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ ባያሳውቅ ከ250 እስከ 2,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ይህ ዋስትና በፍቺ እንኳ አይፈርስም። ለዘመዱ ዋስ ሆኖ የፈረመ አጎት ካላችሁ ይህን ንገሩት።

እስካሁን የተናገርኩት በወዲያ በኩል ስላለው አድራሻ ነው። በወዲህ በኩል ያለው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ዲኤስ-260 የተባለው የቪዛ ማመልከቻ አመልካቿ ከ16 ዓመቷ ጀምሮ የኖረችባቸውን ቤቶች ሁሉ፤ ከገባችበትና ከወጣችበት ጊዜ ጋር ይጠይቃል። እኅቴ 31 ዓመቷ ነው። ሁለት ማታ ሙሉ እናታችን፤ እኅቴና እኔ ጀበናውን መካከል አድርገን ቍጭ ብለን ቈጠርን። የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ አለ፤ ደብረ ብርሃን ያስተማረችበት ቤት አለ፤ ከጓደኛዋ ጋር የተከራየቻቸው አራት ቤቶች አሉ። እናታችን ቤቶቹን የምታውቃቸው በአከራዮቹ ነው፤ «ጥርሳቸው የወርቅ የሆነው ሴትዮ ቤት» ትላለች፤ ፎርሙ ግን መንገድና ቍጥር ይፈልጋል።

ከሁሉ የከበደን ደግሞ ሳንወጣበት አድራሻው የተለዋወጠው የራሳችን ቤት ነው። በአያቴ ወረቀት ላይ ከፍተኛና ቀበሌ ተብሎ የተጻፈው ቤት በእኅቴ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ክፍለ ከተማና ቀበሌ ነው፤ በእኔ መታወቂያ ላይ ደግሞ ክፍለ ከተማና ወረዳ ነው። ቤቱ ያው አንድ ቤት፤ በሩም ያው አንድ በር ነበር። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ የተባለው ዐሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ሲቋቋም ብዙ ሰው አልጋው ላይ እንደ ተኛ ክፍለ ከተማ ለውጧል። የእኛም ቤት በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር ሄድን። ስለ ልማቱ ዛሬ አልከራከርም፤ እሱን የሚከራከር ሌላ ማታ ይቀጠርለት። እኔ የምለው፤ ቤታችሁ ፈርሶ የተዛወራችሁና በአሜሪካን አገር መዝገብ ያላችሁ ሰዎች የድሮውን አድራሻ እንዳትጥሉት፤ አዲሱንም እንድታሳውቁ ነው። የድሮውን መታወቂያ ቅጂ አስቀምጡ። ፎርሙን ስትሞሉ በየወረቀቱ ላይ ያለው ልዩ ልዩ አጠራር አንድ ቤት መሆኑን በአጭር መግለጫ ጽፋችሁ በእጃችሁ ያዙ፤ ቃለ መጠይቅ አድራጊው ቢጠይቃችሁ መልሱ አብሯችሁ ይኖራል።

ስለ አስፈጻሚዎች ሳልናገር ባልፍ ጐረቤታችን ይቀየሙኛል። እሳቸው ልጃቸውን ወደ ባሏ ለመላክ ለአንድ «ፎርም እናስሞላለን» ለሚል ሰው ገንዘብ ከፈሉ። ሰውየው ፎርሙ ላይ የራሱን ስልክና የራሱን ኢሜይል ጻፈበት። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መልእክት ሁሉ ለእሱ ነው፤ እሱም አንዱን መልእክት በነገራቸው ቍጥር ያስከፍላቸዋል። በመጨረሻ ስልኩን ዘጋ። ፎርሞቹን ማንም ሰው ያለ ክፍያ ከኢንተርኔት ሊያገኛቸው ይችላል፤ የሚከፈለው ሲያስገቡ ነው። እንግሊዝኛ ያልተማረች እናት አስፈጻሚ ብትፈልግ አይፈረድባትም፤ እኛ ግን ዐሥራ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ በመንግሥት ገንዘብ እንግሊዝኛ የተማርን ሰዎች ባለንበት ሰፈር ይህ ሰው እንዴት ገበያ አገኘ?

አንድ ወዳጄ ይህን ንግግር አስቀድሜ ባሳየው ጊዜ «ሰውን ለስደት ታዘጋጃለህ» አለኝ። አስቤበታለሁ። እኅቴ ብትቀር ደስ ይለኛል፤ እናታችንም ደስ ይላታል። ነገር ግን ያገባች ሴት ከባሏ ጋር ልትኖር ትሂድ ወይስ ትቅር የሚለውን የምትወስነው እሷ እንጂ ፍሪጅ ላይ የቀረ ደብዳቤ መሆን የለበትም። ቪዛ መስጠት የዚያ አገር መንግሥት ፈንታ ነው፤ ሊከለክል፤ ሊያዘገይ፤ ለጊዜውም ሊያቆም ይችላል። በዚያ ላይ እኛ ሥልጣን የለንም። ሥልጣን ያለን በገዛ ወረቀታችን ላይ ነው።

ስለዚህ ለኅብረቱ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት በዚህ አዳራሽ አንድ ጠረጴዛ ይዘርጋልን። ከሕግ ተማሪዎች ሁለት፤ ከሒሳብ ተማሪዎች አንድ፤ እንግሊዝኛው የበረታ ሌላ ሰው አንድ ይቀመጡ። ገንዘብ አንቀበልም፤ የሰው የይለፍ ቃል አንጽፍም፤ በማንም ፎርም ላይ የራሳችንን ስልክ አናስገባም። የሕግ መምህሮቻችን አንዱ በየወሩ እየመጡ ያጠፋነውን ቢያርሙልን እንለምናለን። ለመጀመሪያው ቅዳሜ የሚመጣ ሰው የጋብቻ ወረቀቱን፤ የመዝገብ ቍጥሩንና ከ16 ዓመቱ ጀምሮ የኖረባቸውን ቤቶች ጽፎ ይምጣ። ያልታወሰውን እናቱን ይጠይቅ። ስማቸውን ለጠረጴዛው የሚሰጡ ሰዎች ስብሰባው እንዳለቀ በሩ አጠገብ ያገኙኛል።