በጎ ፈቃድና ውኃ፦ ስለ ማኅበረሰብ የካያክና የካኑ መርሐ ግብር አመራር



ዛሬ የምናገረው በደመወዝተኞች ሳይሆን በበጎ ፈቃደኞች ስለሚመራ የማኅበረሰብ ቀዘፋ መርሐ ግብር ነው። ካያክ የምለው ቀዛፊው እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ የሚነዳትን ጠባብ ጀልባ ነው። ካኑ ደግሞ አንድ ጫፍ ባለው መቅዘፊያ የሚነዳው ክፍት ጀልባ ነው። ከደንገል የሚሠራውን ታንኳ እያየ ላደገ የጣና ዳር ሰው ሁለቱም እንግዳ አይሆኑበትም። እንዲህ ያለ ሐሳብ በተነሣ ቁጥር ውይይቱ የሚጀምረው «ጀልባውን ከየት እናገኛለን?» ከሚል ጥያቄ ነው። በእኔ እምነት ግን አስቀድሞ መልስ የሚሻ ሌላ ጥያቄ አለ፤ «ዛሬ ማንም አይወጣም» ብሎ የማዘዝ ሥልጣን የማን ነው?

እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 1993 በደቡብ እንግሊዝ ከምትገኘው ላይም ሪጂስ ስምንት ተማሪዎች፣ አንድ መምህራቸውና ሁለት አሠልጣኞች በካያክ ወደ ባሕር ወጡ። መድረሻቸው እዚያው ዳርቻ ላይ ያለችው ቻርማውዝ ስለ ነበረች መንገዱ አጭር ነበር። ሆኖም ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍሰው ነፋስ እየገፋ አራቃቸው፤ ካያኮቹም ውኃ እየሞላባቸው ተገለበጡ። ማዕበሉ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክለው የወገብ ሽፋን አልነበራቸውም፤ ለአደጋ ጊዜ የሚተኮስ የብርሃን ምልክትም አልያዙም። መድረስ የነበረባቸው ሰዓት ካለፈ በኋላም የነፍስ አድን ጥሪው ዘገየ። አራት ወጣቶች ሞቱ።

ከአደጋው ወራት በፊት ሁለት አሠልጣኞች ሥራቸውን ሲለቁ የማእከሉን የደኅንነት ጉድለት በደብዳቤ ለኃላፊው አሳውቀው ነበር። ደብዳቤው በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1994 ኃላፊው በእስራት፣ ድርጅቱ በ60,000 ፓውንድ ተቀጡ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ፓርላማው ለወጣቶች የጀብዱ እንቅስቃሴ የሚያቀርቡ ማእከላትን ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ ደነገገ።

ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው የዚህ ሕግ ወሰን ነው። ግዴታው የተጣለው አገልግሎቱን በክፍያ በሚሸጡት ላይ ሲሆን፣ ለአባላቱ ብቻ የሚሠራ የበጎ ፈቃድ ማኅበር ፈቃድ ከማውጣት ነፃ ሆነ። ትንንሽ ክበባትን በወረቀትና በክፍያ ብዛት ማነቅ ስለማይገባ ሐሳቡን እደግፋለሁ። ይሁን እንጂ በበጎ ፈቃደኛው በር ላይ ፈቃድ ሰጪ አይቆምም ማለት ነው። ነፋሱ ደግሞ አሠልጣኙ ደመወዝ ይቀበል አይቀበል አይጠይቅም። ስለዚህ ማኅበሩ ሕጉን ለራሱ መጻፍ አለበት።

ሕግ መጻፉ በእኛ ዘንድ አስቸጋሪ የሚሆነው በይሉኝታ ምክንያት ነው። ቅዳሜውን ሠውቶ በነፃ የሚያገለግልን ሰው «ዘግይተሃል፤ ዛሬ ቡድን አትመራም» ማለት ነውር ይመስለናል፤ አመስግነን እናልፈዋለን። መፍትሔውን ግን ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልገንም፤ ዕድራችን ከፈታው ቆይቷል። የዕድር ዳኛና ጸሐፊ የሚያገለግሉት ደመወዝ ፈልገው አይደለም፤ ቢሆንም የቀረ አባል ይቀጣል። ቅጣቱን አስቀድሞ አባላቱ ሁሉ የተስማሙበት መተዳደሪያ ደንብ ስለወሰነው ማንም ዳኛውን አይቀየምም። ለቀዘፋ ማኅበርም የምመኘው ይህንኑ ነው፤ መውጣትን የሚከለክለው የዕለቱ ኃላፊ ስሙ በጽሑፍ ይታወቅ፤ ውሳኔውም በዚያ ቀን አይከራከርበት።

ቁጥብነትን በተመለከተ በማንሃተን የሚገኘውን የዳውንታውን ቦትሃውስን አሠራር አደንቃለሁ። በሀድሰን ወንዝ ላይ ሕዝቡን ያለ ክፍያ ካያክ የሚያስቀዝፉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። መጪው መዋኘት መቻል አለበት፤ የነፍስ አድን ጃኬት ይለብሳል፤ ጀልባው ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ዓይነት በመሆኑ ቢገለበጥ እንኳ ሰውን ውስጡ አያስቀርም። ቀዘፋው በምሰሶ መድረኩ አቅራቢያ ለ20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ጀብዱ ለሚሻ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል። ለእኔ ግን ተራ ዜጋ ያለ ገንዘብ ከወንዙ ጋር እንዲተዋወቅ ያስቻለው ይህ ትንሽነቱ ነው፤ ጠባብ ክልል ጥቂት ጠባቂ ይበቃዋል።

ወደ ጣና እንመለስ። እምቦጭ ሐይቁን በወረረ ጊዜ ሕዝባችን እጁን ይዞ እንዴት እንደ ወጣ አይተናል፤ ስለዚህ የበጎ ፈቃደኛ ድህነት የለብንም። ነገር ግን ዘመቻ አንድ ነገር ነው፣ በየሳምንቱ በተወሰነ ሰዓት መገኘት ሌላ። ሐይቁም የራሱ ጠባይ አለው። ማለዳ እንደ መስተዋት ተኝቶ ከሰዓት በኋላ በነፋስ ሊናወጥ ይችላል፤ ታንኳ ቀዛፊዎች ይህን ከማንኛችንም በተሻለ ያውቃሉ። ስለዚህ የዕለቱን ውሳኔ ከሚሰጡት መካከል ከእነርሱ አንዱ ይኑር፤ ለጌጥ ሳይሆን ድምፁ የሚቆጠር አባል ሆኖ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ያ ስፍራ ከጀማሪዎች ክልል ይውጣ። ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ቢልሃርዚያ ስላለም ተሳታፊዎች አስቀድመው ይነገራቸው፤ ምርመራም ይመቻችላቸው። በሽታው በፕራዚኳንቴል የሚታከም ነው፤ ሆኖም ያልተነገረው ሰው ወደ ሐኪም አይሄድም።

ስለ ነፋስ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምጠይቀው አቅጣጫውን ነው። ወደ ዳር የሚገፋ ነፋስ ያስቸግራል እንጂ ቀዛፊውን ወደ ሰው ያመጣዋል። ከዳር ወደ መሐል የሚነፍሰው ግን ዳርቻው ላይ ውኃውን የተረጋጋ አስመስሎ ያታልላል፤ በላይም ሪጂስ የሆነውም ይኸው ነው።

የመጨረሻው ነጥቤ ዳር ላይ ስለሚቀረው ሰው ነው። በየዕለቱ አንድ ሰው ሳይቀዝፍ መዝገብና ስልክ ይዞ ይቀመጣል። የወጣውን ሰው ስምና የመመለሻ ሰዓቱን ይጽፋል፤ ሲመለስም ራሱ አይቶ ይሰርዛል፤ በሌላ ሰው ቃል አይሰርዝም። ሰዓቱ ካለፈ «ትንሽ እንጠብቃቸው» ሳይል ወዲያው ይደውላል። ሥራው አሰልቺ፣ ምስጋናውም ትንሽ ስለሆነ በተራ ይሁን፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበርም ከተራው አይዘለል። ይህን ቦታ የሚይዝ ሰው ባልተገኘበት ቅዳሜ ጀልባዎቹ ከመጋዘን አይወጡም።