ስለሚተነፈሰው አየር ንጽሕናና ስለ አለካኩ



ሰው የሚበላውን እህል ከገለባ ይለያል፤ የሚጠጣውንም ውሃ ያጠላል። የሚተነፍሰውን አየር ግን ሌሊትና ቀን ሳይመርጥ ይቀበለዋል። ስለዚህ አየር በምን እንደሚበከል፥ ብክለቱም እንዴት እንደሚለካ ማወቅ የሚገባ ነገር ነው።

ከአዲስ አበባ በቡታጅራ አድርጎ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወርደው መንገድ በሆሳዕና ያልፋል። በመንገዱ የጭነት መኪናና አውቶቡስ፥ በከተማውም ውስጥ ባጃጅ ይመላለሳል። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ አስፋልት ያልለበሰው መንገድ በበጋ አቧራ ያነሣል። ደግሞም ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ የናፍጣ ሞተር በሚገባ ካልተስተካከለ ነዳጁ ፈጽሞ ሳይነድ ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል።

ከጢስና ከአቧራ ሁሉ የሚከፋው ግን በዓይን የማይታየው ነው። ይኸውም ወርዱ ከሰው ጠጕር ውፍረት 30ኛ እጅ የሚያህል ረቂቅ ብናኝ ሲሆን፥ አፍንጫ ሳይዘው እስከ ሳንባ መጨረሻ ይገባል፤ ልብንም ይጐዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2014 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ የሚገኘው ይህ ብናኝ በዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮግራም፥ በአንድ ቀንም ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። ማይክሮግራም ማለት ከአንድ ግራም ሚሊዮን እጅ አንዱ ነው።

አለካኩም እንዲህ ነው። አስቀድሞ የተመዘነ ማጣሪያ በመሣሪያ ላይ ይደረግና አየር ይሳብበታል፤ ኋላም ማጣሪያው እንደ ገና ይመዘናል። ለምሳሌ በ24 ሰዓት 24 ሜትር ኩብ አየር ቢያልፍበትና ክብደቱ 840 ማይክሮግራም ቢጨምር፥ 840 ለ24 ሲካፈል 35 ይሆናል፤ ይህም ከአንድ ቀኑ ልክ ከእጥፍ በላይ ነው። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ እንዲህ ያለውን ብናኝ እየለካ ለሕዝብ ይገልጥ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ግን መግለጡ ቀረ። እንግዲህ ልኬት በሌላ እጅ ብቻ እንዳይንጠለጠል የሀገሩ ሰው ራሱ ሊማረው ይገባል።

በመንደር ትምህርት ቤት ይህ መሣሪያ ባይኖርም መምህሩ ሥራ አያጣም። ቫዝሊን በስሱ የተቀባ ነጭ ወረቀት አንዱን በመንገድ ዳር፥ አንዱን በትምህርት ቤቱ ግቢ፥ አንዱንም በእንሰት ተክል መካከል ለአንድ ቀን ያኑር፤ ተማሪዎችም በዚያው ቀን የሚያልፈውን መኪናና ባጃጅ በየሰዓቱ ይቍጠሩ። ወረቀቱ የሚይዘው ወፍራሙን አቧራ እንጂ ረቂቁን አይደለም፤ ነገር ግን አቧራው በየትኛው ስፍራ እንደሚበዛ ያሳያል።

ይህ በሽማግሌዎች ፊት ሲቀርብ ምክሩ በማስተዋል ይሁን። ባጃጅ ነጂ የዕለት እንጀራውን የሚያገኝበት ስለ ሆነ ሥራው ይከልከል ማለት ቅን ፍርድ አይደለም። መቆሚያው ከትምህርት ቤት በር ራቅ ቢል፥ ቆሞ ሲጠብቅም ሞተሩን ቢያጠፋ ግን ሕፃናቱ ይድናሉ፤ ለእርሱም ነዳጁ ይተርፈዋል።

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ብዙ ሰው ከፈጀ ወዲህ፥ በኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማጠን በብዙ ስፍራ ልማድ ሆኖአል። የአባቶች ሐሳብ ንጽሕና ነበረ፤ በዚያ ዘመን ቆሻሻ ውስጥ ግን ፕላስቲክና የመኪና ጎማ የተለመደ አልነበረም። እነዚህ ሲነዱ መርዝ ያለበት ጢስ ያወጣሉ። ስለዚህ መጥረጉ ይቀጥል፤ የሚበሰብሰውም ለእንሰቱ ማዳበሪያ ይሁን፤ ፕላስቲክና ጎማ ግን አይቃጠል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፥ ማንም ሰው ከተወሰነው ደረጃ አልፎ አካባቢን እንዳይበክል ደነገገ። ከደረጃው ማለፉም የሚታወቀው በመለካት ነው፤ ያልተለካ ብክለት አቤቱታ ሆኖ ይቀራል፥ የተለካ ግን ማስረጃ ይሆናል። እንግዲህ መምህር ይለካ፥ ተማሪም ይመዝግብ፥ ሽማግሌም የተመዘገበውን አይቶ ይምከር፤ ልጆች የሚተነፍሱት አየር ንጹሕ ይሆን ዘንድ።