የማታ እህል ለጉበት ሕመምተኛ
(በጅጋና በአካባቢው ለሚያገለግሉ ካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ልናሳስባችሁ የወደድነው በየደብራችሁ ስላሉት የጉበት ሕሙማን ነው። ጉበት የሰውነት ጎተራ ነው፤ ቀን ከተበላው እህል ስኳር አከማችቶ ሌሊት በመጠን ይለቃል። ሄፓታይተስ ወይም የአረቄ ብዛት ያጠቃው፣ ጠባሳ የወረሰው ጉበት ግን ማከማቸት ይሳነዋል። ጎተራው ሲራቆት ሰውነት የራሱን ጡንቻ አፍርሶ ስኳር ይሠራል። ጤነኛ ሰው ሁለትና ሦስት ቀን ቢራብ የሚደርስበት ለውጥ በእንዲህ ያለው ሕመምተኛ ላይ በአንድ ሌሊት ይደርሳል። ሆዱ በውኃ ተነፍቶ ሳለ ክንዱና ጭኑ የሚመነምነው ስለዚህ ነው። ጉበቱ እጅግ የደከመበት ደግሞ የደም ስኳሩ ሌሊት ሊወርድ ይችላል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባዥራል።

እንግዲህ እናስላ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ራቱን የበላ ሕመምተኛ በማግሥቱ እስከ 9 ሰዓት ቢጾም 19 ሰዓት ያለ እህል ይቆያል። ቤተ ክርስቲያናችን ሕመምተኛን በጾም እንደማታስገድድ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እርሱ ግን የንስሐ አባቱን ቃል ሳይሰማ አይቀምስም።

መፍትሔው ከጓዳችን የራቀ አይደለም። ከመኝታ በፊት በሶ በማር ወይም ግማሽ እንጀራ በሽሮ ይብላ፤ ጠዋት ሳይዘገይ ቁርሱን ይቅመስ፤ ቀኑንም በየ3 እና 4 ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይመገብ። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የኒውዚላንድ ጥናት፣ ተጨማሪ ምግብ ለ12 ወራት ማታ የወሰዱት ሕሙማን 2 ኪሎ ያህል ሥጋ ሲጨምሩ፣ ያንኑ ቀን የወሰዱት ግን ይህን ያህል እንዳልተጠቀሙ አሳይቷል። ሐኪም ካልከለከለ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ አይቀነስበት። ሆዱ ውኃ የቋጠረ ጨው ይቀንስ፤ ጠላና አረቄ ፈጽሞ ይቅር። የስኳር በሽታም ያለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ሌሊት የተቀባዠረን ሕመምተኛ ቅዠት ነው ብላችሁ አትለፉት። መዋጥ ከቻለ ስኳር ወይም ማር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡት። በሁለቱም ጊዜ ሳይነጋ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አድርሱት።

የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፣ በየመንደሩ ያሉትን ሕሙማን ለይታችሁ ለካህናቱ አሳውቁ። አባቶቻችን ሆይ፣ ሕመምተኛው መጥቶ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፤ ከቤቱ ሄዳችሁ «ልጄ፣ ማታም ጠዋትም ብላ» በሉት። ይህን ቃል ከሐኪሙ ይልቅ ከእናንተ አፍ ይሰማልና።