ግጭ፤ ሕዝቧና ጠባይዋ



በጎንደር ከተማ ዲስኩር የሚያደርግ ሰው ከፋሲል ግንብ ሳይጀምር አይቀርም። እኔ ዛሬ ንጉሥ ተቀምጦባት ስለማያውቅ የገበሬ መንደር ልናገር ነው የቆምኩት። መንደሯ በሰሜን ተራሮች ላይ ነበረች፤ ስሟም ግጭ ነው። ነበረች ያልኩት ዛሬ የሚኖርባት ሰው ስለሌለ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ በቡይት ራስ አድርጎ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይገባል፤ ሳንቃ በርን ያልፋል፤ የጅንባርን ወንዝ ይሻገርና ሽቅብ ይወጣል። መንደሯ እዚያ ነበረች፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ መኪና በማይደርስበት ሜዳና ተዳፋት። ከበላይዋ ጓሳውና ጅብራው ይጀምራል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ 3,926 ሜትር ከፍታ ያለው ኢሜት ጎጎ ገደሉን ቁልቁል ይመለከታል። የግጭ ሕዝብ የውርጭ አገር ሰው ነበር። ማሳው ገብስ ነው። ጤፍ በዚያ ከፍታ አይሞከርም። ገብሱም ቢሆን ከታችኛው ደጋ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ አንድ ሌሊት የጣለ ውርጭ የወራትን ልፋት ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ገበሬው ተስፋውን በማሳው ብቻ አልጣለም፤ በግና ፍየል፣ ከብት፣ ፈረስና በቅሎ ያረባ ነበር።

ነዋሪው ሙስሊም ነበር። ይህን አበክሬ የምናገረው፣ ሰሜን ሲባል ብዙዎቻችን ደብርና ገዳም ብቻ ስለምናስብ ነው። የጎንደር እስልምና ሲነሣም ወሬው በአዲስ ዓለም ነጋዴዎችና ሸማኔዎች፣ ወደ ምጽዋና ወደ መተማ ሲመላለስ በነበረው ሲራራ ነጋዴ ላይ ያልቃል። በግጭ ግን ነጋዴ ሳይሆን አራሽ የሆነ፣ የተራራውን ጠባይ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሙስሊም ገበሬ ነበር። ክርስቲያን ጎረቤቶቹም የሚያርሱት ያንኑ ገብስ፣ የሚሸጡትም በዚያው በደባርቅ ገበያ ነበር። ቱሪስት መምጣት ሲጀምር ሰዎቹ በቅሎ ጫኑ፣ መንገድ መሩ፣ ለእንግዳ ቡና አፈሉ። ከተራራው ጎብኚ ብዙው የእነሱን ጉልበት ተመርኩዞ ነው ያን ገደል ያየው።

እንዴት ባዶ ቀረች? የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። ፓርኩ ሲከለል ግጭ በውስጡ ነበረች። ሕዝቡ እየበዛ፣ እርሻው ወደ ተዳፋቱ እየወጣ፣ አፈሩ እየሳሳ፣ ከብቱ ጓሳውን እየጨረሰ ሄደ፤ ዋልያ መሰማሪያ አጣ። በ1989 ዓ.ም. ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ከዚያ ለመውጣት ከቀረቡት ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ የእርሻውና የግጦሹ ጫና መቀነስ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች ካሣ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ።

ዋልያ በዓለም ላይ ከዚህ ተራራ በቀር ሌላ አገር የለውም፤ ስለዚህ እንዲጠበቅ እኔም አጥብቄ እሻለሁ። ውሳኔው አማራጭ ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለውን ለሌላ ቀን ልተወው። ግን ገበሬ በአንድ ዓመት ከተሜ አይሆንም። ገብስ ማብቀል የሚያውቅ እጅ በደባርቅ ዳር ቤት ሠርቶ ሲቀመጥ ዕውቀቱ ዋጋ ያጣል፤ የካሣ ገንዘብም መሬትና ከብት እንደሚያደርጉት በየዓመቱ አይወልድም። ቅርሱ ከአደጋ ወጣ ስንል ደስ ካለን፣ ዋጋውን ማን እንደከፈለ አብረን መናገር ይገባናል።

እኔን የሚያሳስበኝ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ስለ ግጭ በጽሑፍ የምናውቀው አብዛኛው እንደ ሃንስ ሁርኒ ያሉ የስዊስ ተመራማሪዎች የአፈሩን መከላትና የመሬቱን አያያዝ ሲለኩ የመዘገቡት ነው። ምስጋና ይገባቸዋል። ከእኛ በኩልስ? አገራችን ሕዝቧን የቆጠረችው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም። የግጭ ሰዎች ተራራቸውን ሲለቁ የመጨረሻው አገር አቀፍ ቆጠራ ዘጠኝ ዓመት አልፎት ነበር።

ፈረንሳዮች ትንሿን የገጠር መንደር እንዴት እንደሚይዟት ልንገራችሁ። በአገራቸው 35,000 ያህል ኮሚዩኖች አሉ፤ ከመቶ ሰው በታች የሚኖርበት እንኳ የራሱ ከንቲባና ምክር ቤት አለው፤ የሕዝቡም ቁጥር በየዓመቱ በስሙ ታትሞ ይወጣል። በቬርደን አጠገብ ፍለሪ የምትባል መንደር አለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1916፣ በመድፍ ወድማ ሰው አልተመለሰባትም። ነዋሪዋ ዜሮ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ከንቲባ ይሾምላታል፤ በመንግሥት መዝገብም ስሟ አልተሰረዘም። ፍለሪን ጦርነት ነው ያጠፋት፤ ግጭን ባዶ ያደረጋት ጦርነት አይደለም። ሆኖም ሰው የሌለባትን መንደር በስሟ መያዝ መንግሥት ሊያደርገው የሚችል ነገር መሆኑን ከዚያ እናያለን።

የገጠርን መንደር ቆጥሮ በስሟ መመዝገብ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። በሰሜን ጎንደር ደጋ ከደባርቅ እስከ ዳባት፣ ከጃናሞራ እስከ በየዳ፣ ከግጭ ያልተለየ ኑሮ የሚኖር ገበሬ ብዙ ነው። ስንት ሰው በስንት ጥማድ መሬት ያድራል? ስንቱ ልጅ ትምህርት ቤት ለመድረስ ገደል ይወርዳል? ይህን ያላወቀ አስተዳደር ጤና ጣቢያውን የት እንደሚሠራ አያውቅም፤ ሕዝብ ሲያነሣም ስንቱን እንዳነሣ በግምት ይናገራል።

የጎንደርና የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆይ፤ ግጭ ላይ ተወልደው፣ ግጭ ላይ አርሰው የሸመገሉ ሰዎች ዛሬ ደባርቅ ውስጥ አሉ። የማሳቸውን ስም፣ የዘሩትን የገብስ ዓይነት፣ ጉልላቱን የሠሩበትን እንጨት፣ የቀበሩበትን ቦታ ያውቃሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ሁሉ በዚህ ዓመት ሂዱና ጠይቋቸው፤ ስማቸውን ለመጥቀስ ፈቃድ ተቀብላችሁ፣ በራሳቸው አንደበት ጻፉት፤ ቅጂውንም መጀመሪያ ለእነሱ ስጡ።