በመዝገቡ ያልተቆጠሩ ሁለት የቲሞች



የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የቲሞችን በቤታችሁ የምታሳድጉ ቤተሰቦች፤ አንዳንድ ወንድሞች «መንግሥት ሴፍቲኔት ከጀመረ ወዲህ የእኛ ሰደቃ ምን ቦታ አለው?» ሲሉ ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዛሬ ለመመለስ እሞክራለሁ።

የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር የተጀመረው በ1997 ዓ.ም፣ ድርቅ በሚደጋገምባቸው የገጠር ወረዳዎች ነው። ገበሬው እርከንና መንገድ እየሠራ እህል ወይም ገንዘብ ይቀበል ነበር። በ2009 ዓ.ም ወደ ከተማ ዘለቀ። ከዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ ከመንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦ ከአዲስ አበባ ጋር ደሴ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋና ሌሎች፣ በጠቅላላው 11 ከተሞች ተካተቱ። 604 ሺህ ሰዎችን ለመድረስ ታቅዶ ነበር። መሥራት የሚችል በጽዳትና በአረንጓዴ ልማት ተሰማርቶ ከሚከፈለው 20 በመቶውን ይቆጥብ ነበር፤ አቅመ ደካማ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኝ ነበር። ከኑር መስጂድ ሶላት ሰግደን ስንመለስ በፒያሳ መንገዶች መጥረጊያ ይዘው እናያቸው ከነበሩት እናቶች ብዙዎቹ የዚህ ተጠቃሚዎች ነበሩ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መልካም ለሠራ «መልካም ሠራህ» ማለት ይገባል።

ነገር ግን በመመሪያው ውስጥ አንድ ገደብ ነበረ። ክፍያው የሚታሰበው በቤተሰቡ ቁጥር ሆኖ ከአራት ሰው አያልፍም ነበር። ገደቡን የጻፈው ሰው ክፉ ነበር አልልም፤ ገንዘቡ ውስን፣ ድኻው ብዙ ነው። ሆኖም ይህ ገደብ ማንን ይነካል? ሁለት ልጅ ብቻ ያለውን አይነካም። የሚነካው የሌላውን ልጅ ወደ ቤቱ ያስገባውን ነው።

ዶሮ ማነቂያ ትኖር የነበረች አንዲት እናት አውቃለሁ። ባሏ ጥሏት ሄዷል። ሁለት ልጆቿን ይዛ ሳለች ወንድሟ ሞተና ሦስት የቲሞቹን ተቀበለች። በቤቱ ስድስት ሰው ይበላል፤ በመዝገቡ ግን አራት ሰው ይኖራል። አንድ ቀን «የትኞቹን ሁለት ነው ያልቆጠሩብኝ?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። እኛ በመድረሳ ፈራኢድ ስንማር ከወራሾች አንዱ ቢዘነጋ የሁሉም ድርሻ ይበላሽ ነበር፤ ኡስታዛችንም ሒሳቡን ከሥሩ ያስጀምሩን ነበር።

በ2016 ዓ.ም በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ እርሷም ከብዙ ጎረቤቶቿ ጋር ተነሣች። የተሰጣት ቤት ከቀድሞው የተሻለ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ የራሷ ነው፤ ጣሪያውም አያፈስም። ነገር ግን በዶሮ ማነቂያ ሳለች ሁለቱን ያልተቆጠሩ ልጆች ማን ያበላቸው እንደነበር ልንገራችሁ። ከግድግዳው ማዶ ያሉት አሮጊት ምሳ ያካፍሏቸዋል፤ ባለሱቁ ዱቄት በዱቤ ይሰጣል፤ በረመዳን ደግሞ ከየቤቱ የኢፍጧር ሳሕን ይመጣል። አሮጊቷ ዛሬ በሌላ የከተማዋ ጫፍ ናቸው። ባለሱቁ የት እንደደረሰ የነገረኝ የለም። መንግሥት ቤት ለወጠ፤ ጉርብትናን ግን በጭነት መኪና ማጓጓዝ አይቻልም።

እኛም ከወቀሳ አናመልጥም። የማኅበራችን ዝርዝር በሰፈር የተደራጀ ነበር፤ ሰፈሩ ሲነሣ ቤተሰቦቹን ፈልገን እስክናገኝ ብዙ ወራት አለፉ። በእነዚያ ወራት የስንቱ ልጅ ደብተር ሳይገዛ ቀረ! ሱረቱል ማዑንን በየሶላቱ የምንቀራ ሰዎች ነን።

ስለዚህ ለጠያቂዎቼ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። መንግሥት አራቱን ቆጥሯል፤ አምስተኛውና ስድስተኛው የእኛ ናቸው። ከዚህ ወር ጀምሮ አዲስ ቅጽ አዘጋጅተናል፤ የሚጠይቀውም በቤቱ ስንት ሰው እንደሚበላና ስንቱ በሴፍቲኔት እንደታቀፈ ነው። ከአራዳ ወደ ገላን ጉራም ሆነ ወደ ሌላ ሰፈር የሄደ የቲም አሳዳጊ ቤተሰብ የምታውቁ ስልኩን ስጡን፤ እኛ ወዳሉበት እንሄዳለን። ለመንገዱ መኪናውን ለአንድ ቅዳሜ የሚያውሰን ወንድም ካለ ከዙሁር ሶላት በኋላ ያናግረኝ።