ስለ ኮንሶ ካብና ስለ ገጠር መንደሮቻችን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



 ቅርስ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው አክሱምንና ላሊበላን ያስባል፤ ማሰቡም ተገቢ ነው። እኛ ግን ዛሬ ሰው ስለሚኖርበት፣ ስለሚያርሰውና በየጊዜው ስለሚጠግነው ቅርስ ልንናገር እንወዳለን። ይኸውም የኮንሶ ምድር ነው።

ኮንሶ ከአርባ ምንጭ በስተ ደቡብ የሚገኝ ድንጋያማና ተራራማ አገር ነው። ዝናሙ ጥቂት ነው፤ የመጣም እንደ ሆነ በኀይል ወርዶ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ሕዝቡ ግን አገሩን ለቅቆ አልሄደም፤ ተራራውን በካብ ከፋፍሎ እርከን አበጀለት እንጂ። ካቡ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካበ ነው፤ በአንዳንድ ስፍራ ቁመቱ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። አፈሩን ያግዳል፤ ውሃው ቀስ ብሎ እንዲሰርግ ያደርጋል፤ የተረፈውንም በመውረጃው ይለቃል። በእርከኑ ላይ ማሽላ ይዘራል፤ ሽፈራው ይተከላል። ከብቱ በመንደር ታስሮ ስለሚቀለብ ፍጉን ሰው ተሸክሞ ወደ እርሻ ያደርሰዋል። ይህ ሥራ 21 ትውልድ፣ ማለት ከ400 ዓመት በላይ የቈየ ነው። ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ2011) ምድሩን ከነመንደሮቹ በዓለም ቅርስ መዝገብ ጽፎታል።

መንደሮቹም ራሳቸው በካብ የታጠሩ ናቸው። መንደሩ እየሰፋ ሲሄድ ከፊተኛው ካብ ውጭ ሌላ ስለሚጨመር አንዳንዱ እስከ ስድስት ዙር አለው። በመንደሩም ውስጥ ሞራ የሚባል የጋራ ቤት አለ፤ እሳት ወይም ሌላ አደጋ ቢነሣ ፈጥነው እንዲደርሱ ጐረምሶች ሌሊት እዚያ ያድራሉ። በአደባባዩ የትውልድ ምሰሶ ይቆማል፤ በብዙ ስፍራ በየ18 ዓመቱ አንድ እንጨት ይጨመርበታል። (18 ዓመት እንግዲህ የብዙዎቻችን ዕድሜ መሆኑ ነው።)

የላይኛው እርሻ ካብ ቢናድ ጐርፉ ወርዶ የታችኛውን ጎረቤት ያጠፋል። ስለዚህ ማንም የራሱን ካብ ብቻ ጠብቆ ሊድን አይችልም። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ባሠራ ጊዜ ብዙዎች በየቤታቸው አንጻር ያለውን እንደ ሠሩ ተምረናል፤ የኮንሶም ሥርዐት ይህን ይመስላል። ጠባቂው ደመወዝተኛ ሳይሆን ከካቡ የሚበላ ሰው ነው።

ኮንሶዎች ለጀግና መታሰቢያ ከእንጨት የሚቀርጹት ዋካ የሚባል ሐውልት አላቸው። ብዙው ተሰርቆ ተሸጧል፤ ከሌባ እጅ የዳነው በካራት ከተማ ቤተ መዘክር ተሰብስቦ ይታያል። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን በቆመበት ስፍራ ሆኖ የሟቹን ስም ማስጠራቱ ቀረ። እርከን ደግሞ በቤተ መዘክር አይገባም! የሚክበው ሰው ከጠፋ በጥቂት ዓመት ዝናም ይፈርሳል።

እንግዲህ ወደ ፊት የሚክበው ማን ነው? ይህ ጥያቄ የኮንሶን ልጆች ብቻ አይመለከትም። ከመካከላችን ከገጠር የመጣን ብዙዎች ነን። ፈተናውን ያለፈ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፤ የወደቀውም ወደ መንደሩ መመለስን እንደ ውርደት ቈጥሮ በከተማ ሥራ ይፈልጋል። ያለፈም የወደቀም ከካቡ ራቀ። ወላጆችም «ልጄን ድንጋይ እንዲሸከም አላስተማርኩትም» ሲሉ እንሰማለን። አባባላቸው ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አንነቅፈውም። ደግሞም ለመንደሩ ንጹሕ ውሃ፣ ጤና ጣቢያና መብራት ሳይገባለት፣ ጐብኚ ከሚከፍለውም ገንዘብ ድርሻ ሳያገኝ፣ ወጣቱን «ቅርስህን ጠብቅ» ብሎ መምከር ብቻ ከንቱ ነው። የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ የለወጠውንም ሰው ከመውቀስ በፊት ሣሩ ከወዴት እንደሚገኝ መጠየቅ ይገባል።

በበኩላችን አንድ ነገር አስበናል። በመጪው የክረምት ዕረፍት ከገጠር የመጣን ተማሪዎች በየአገራችን ወደ አንድ ሽማግሌ ቀርበን፣ ካብ መካብን ወይም ቤት መክደንን በእጃችን ሠርተን እንማራለን። የድንጋዩን አመራረጥ፣ የመሠረቱን ስፋት፣ የውሃውን መውረጃ በደብተር እንጽፋለን። የከተማ ልጆችም ሊከተሉን ቢወዱ ቤታችን ይበቃል። ደብተሮቹ በቤተ መጻሕፍታችን እንዲቀመጡ መምህሮቻችንን በትሕትና እንለምናለን። እኛ ዘንድሮ ስለምንወጣ፣ በመስከረም ደብተሮቹን የሚረከቡ ሁለት ተማሪዎች ከ11ኛ ክፍል ቢመረጡልን ደስ ይለናል።