አንድ አንድ ፍሬ ባቄላ

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆናታን ግሎቨር በፈረንጆቹ 1975 አንድ የፈጠራ ምሳሌ ጽፎ ነበር። መቶ የታጠቁ ሽፍቶች በምሳ ሰዓት አንድ መንደር ይገባሉ። መቶ ሰዎች እያንዳንዳቸው መቶ ፍሬ ባቄላ ያለበት ሳህን ይዘው ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ሽፍታ የአንዱን ሰው ምሳ ጥርግ አድርጎ ይሄዳል። በሳምንቱ ሊመለሱ ሲሉ ግን ኅሊናቸው ይቆረቁራቸውና መላ ያበጃሉ፤ እያንዳንዱ ከየሳህኑ አንድ አንድ ፍሬ ብቻ እንዲያነሳ። ከመቶ ባቄላ አንዲት ፍሬ ብትጎድል ማን ይራባል? ሳህኖቹ እንደ በፊቱ ባዶ ቀሩ፤ ሽፍቶቹም እንደ በፊቱ ጠገቡ፤ አሁን ግን ማንም ማንንም አልበደለም።

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲነሳ «የእኔዋ ምን ታህል ናት?» የምንለው በዚሁ የሽፍቶች ሒሳብ ይመስለኛል። ሒሳቡ ጠበቃ አላጣም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዋልተር ሲኖት-አርምስትሮንግ በ2005 ባሳተመው ጽሑፍ፣ እሑድ ቀን ነዳጅ በሚጠጣ መኪና ለመዝናናት ብቻ የሚነዳ ሰው በዚያች ሽርሽር ጎርፍም ድርቅም እንደማያመጣ ተከራክሯል፤ ችግሩን መፍታት በዋናነት የመንግሥታት ነው ባይ ነው። መንግሥት ላይ እስማማለሁ። ሽርሽሯ ላይ ግን «ትንሽ» እና «ምንም» የተቀላቀሉ ይመስለኛል። የተቃጠለው ነዳጅ ጭስ ከሌላው ጭስ ጋር ተደባልቆ፣ ከፊሉ ለብዙ መቶ ዓመታት አየር ላይ ይቆያል። የማን እንደሆነ አይለይም እንጂ አለ።

አንድ ጉዞ እንይ። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 23,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በኢኮኖሚ ክፍል የሚጓዝ አንድ ሰው ድርሻ ሁለት ቶን አካባቢ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ኢትዮጵያ ነዳጅ አቃጥላና ሲሚንቶ አምርታ የምታወጣው ለሕዝቧ ቢካፈል፣ ከብቱንና የደን ጭፍጨፋውን ሳንቆጥር፣ ለአንድ ሰው በዓመት ሩብ ቶን አይሞላም። የአንዱ መንገደኛ ደርሶ መልስ የሌላውን ስምንት ዓመት ይበልጣል ማለት ነው። ይህም አማካይ የአዲስ አበባውን ባለመኪና ጨምሮ ነው፤ በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ገበሬ ዘንድ ሲደርስ ከዚህም ያንሳል።

«አውሮፕላኑ እንደሆነ ያለእኔም ይነሳል» የሚል አይጠፋም። የዛሬ ማታው አዎ፣ ይነሳል። የሚቀጥለው ዓመት የበረራ ብዛት የሚወሰነው ግን በዘንድሮው የቲኬት ሽያጭ ነው። ብዙ ሰው ቢቀር ምንም ላይለወጥ ይችላል፤ የሆነ ቦታ ላይ ግን አንዲት ቲኬት ተጨማሪ በረራ ታስጀምራለች። ያቺ ቲኬት የማን እንደሆነች ስለማይታወቅ፣ የሚገዛ ሁሉ የዕድሉን ቁራሽ ይዟል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። «የካርቦን አሻራ» የሚለውን አባባል በ2000ዎቹ መጀመሪያ በማስታወቂያ ካስፋፉት አንዱ ቢፒ፣ ነዳጅ ሻጩ ራሱ ነው። ነጋዴው ዕቃውን ሸጦ ጥፋቱን ለገዢው ሲያሸክም መናደድ ተገቢ ነው። ነገር ግን የሽፍቶቹ አለቃ ተንኮለኛ መሆኑ የተከታዩን እጅ ባዶ አያደርገውም።

እዚህ ላይ የሚያዋጣን ሄንሪ ሹ የተባለው ፈላስፋ በ1993 ያነሳው ልዩነት ነው፤ ለመኖር የሚወጣ ጭስ አለ፣ ለቅንጦት የሚወጣም አለ። መብራት በጠፋበት ማታ ከሰል አቀጣጥላ ወጥ የምትሠራ እናት ከመጀመሪያው ወገን ናት፤ እሷን መውቀስ ነውር ነው። አገር ቤት እናቱን ሊቀብር የሚበር ልጅም፣ በእኔ ፍርድ፣ ቅንጦተኛ አይደለም፤ በእኛ ዘንድ ለቅሶ መቅረት ከሰው መቆረጥ ነው። ነገር ግን በዚያው አውሮፕላን፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ተዘርግቶ አልጋ የሚሆን ወንበር አለ። የሁለት ሰው ቦታና ከዚያም በላይ ይይዛል፤ የጭሱም ድርሻ በዚያው ልክ ያድጋል። ለቅሶው የሚፈልገው መድረሱን ነው፣ ተኝቶ መድረሱን አይደለም። ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።